አባባ ፍሪጅ አይደለም

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለቤታችን አንድያ ወንድ ልጅ፣ ለሰፈሩ የፍሪጅ ሐኪም።

ለመሆኑ እንዴት ሰንብተሃል? እንቅልፍህ እንዴት ነው? ምግብ ይስማማሃል? ውሃ ስትጠጣ በደህና ይወርድልሃል? ትን አይልህም? እንኳን ደስ ያለህ። የአባባ ጉሮሮ እንዳንተ ጉሮሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሰላምታዬ ከዚህ የረዘመ፣ ምላሴም ከዚህ የለዘበ ይሆን ነበር። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ከእግሬ እብጠትና ካንተ በቀር የሚያመኝ የለም።

ወረቀት ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። ስልክ ስደውልልህ መጀመሪያ ደንበኛ መጣብኝ አልክ። ቀጥሎ መስመሩ ይቆራረጣል አልክ፤ የሚቆርጠው ግን ጣትህ ነበር። በመጨረሻው ጊዜ ስልኩን አንዱ ፍሪጅ ላይ አስቀምጠህ ሄድክ፤ እኔም የእረፍት ሰዓቴን በሙሉ ሞተር ሲያጓራ ሳዳምጥ ቆየሁ። ታላቅ እህትህ ነኝ። አፍንጫህን ጠርጌ፣ ጫማህን አስሬ፣ ትምህርት ቤት እያደረስኩ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። ሌላው ቢቀር ለዚያ አፍንጫ ስትል መልስ ልትሰጠኝ ይገባ ነበር። አሁን ወረቀት ነው። ወረቀት ፍሪጅ ላይ ቢቀመጥም ዝም አይልም።

ነገሩን ከስሩ እጀምራለሁ፤ ስለማታውቀው ሳይሆን ስለረሳኸው። አባባ ከታመመ፣ ግማሽ ጎኑ ከዛለና ምላሱ ከከበደ ወዲህ ሐኪሙ አጥብቆ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ ቀጭን ነገር እንዳይሰጠው። ውሃውም፣ ሻዩም፣ ወተቱም በማወፈሪያው ዱቄት ወፍሮ፣ ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ ሆኖ እንዲቀርብለት። ጉሮሮው ስለሰነፈ ቀጭን ነገር ሲያልፍበት በሩን ቶሎ አይዘጋም፤ ፈሳሹ ወደ ሆድ በመውረድ ፋንታ ወደ ሳንባ ይሾልካል። ሐኪሙ ይህን ሲናገር አጠገቡ ቆመህ ራስህን እየነቀነቅክ ነበር። ትንሿ እህታችን ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ እያማሰለች፣ እያወፈረች፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጋ እያስቀመጠች ታበላዋለች። አንተስ? አንተ ሁለት ወር ሙሉ፣ እሷ ልብስ ልታጥብ ወይም ገበያ ልትወጣ ዞር ባለች ቁጥር፣ ጄሊ፣ ያን ተበጥብጦ በብርድ የሚረጋውን ጣፋጭ፣ ስታበላው ከርመሃል። ያውም እኔ በላክሁት ጄሊ!

ያን ሁሉ ባለቀለም እሽግ በመጣ በሄደ ሰው ሻንጣ የምልክልህ ለፍሪጆችህ ነበር። ላልሰማ ሰው የእብድ ነገር ይመስላል። አንተ ፍሪጅ ጠግነህ ስታበቃ ጋዙን ሞልተህ፣ ሞተሩን አስነስተህ፣ አንድ ኩባያ ጄሊ በጥብጠህ ታስገባና በሩን ዘግተህ ትተኛለህ። ሲነጋ ጄሊው ረግቶ ከተገኘ ፍሪጁ ድኗል፤ ካልረጋ እንደገና ሆዱን ትከፍተዋለህ። ደንበኛም ፍሪጁን የሚያስጭነው የረጋውን በማንኪያ ነካ ነካ አድርጎ ካየ በኋላ ነው። ብልሃቱን አላቃልልም፤ ሰው በዚህ አምኖሃል። እንዲያውም ቃሉ ከግቢህ ወጥቶ ሰፈሩን ወረሰው። ፈተና የተፈተነ ተማሪ መንገድ ላይ ሲያገኙት ጄሊህ ረጋ ወይ ይሉታል አሉ። ሥራ ያመለከተ፣ ቤት የጀመረ፣ ከሚስቱ ጋር የታረቀ ሁሉ ጄሊው መርጋት አለመርጋቱን ይጠየቃል። ትንሿ ይህን የነገረችኝ ቀን ስስቅ ዋልኩ። አባባንም በዚያው ቋንቋ ትጠግነዋለህ ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

እኔ ዘንድም ጄሊ የራሱ ቋንቋ አለው። እንደምታውቀው የምሠራው እዚህ በሰው አገር፣ በሆስፒታሉ ወጥ ቤት፣ ቀዝቃዛው ጎን ነው። ዱቄቱን በፈላ ውሃ አንድ ፍሬ እስከማይቀር አማስላለሁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እጨምራለሁ፣ በየኩባያው ቀድቼ ትሪውን ሳላናውጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባለሁ። ሁለት ካልሲ ደርቤ እንኳ ብርዱ ከጉልበቴ አይወጣም። አብረውኝ የሚሠሩት ከየአገሩ የተሰበሰቡ ናቸው፤ የአንዳችን ንግግር ለአንዳችን በቅጡ አይገባም፤ የጄሊን ስም ግን ሁላችንም በመጀመሪያው ቀን ለመድነው። እዚህ ማንም ፋብሪካ ይሥራው፣ ሰው ሁሉ በአንዱ ፋብሪካ ስም ነው የሚጠራው፤ እኛ ልጆች ሳለን የልብስ ሳሙናን ሁሉ በአንድ ስም እንደምንጠራው። አረንጓዴውን በሽተኛ ስለማይወደው ሁልጊዜ ይተርፋል፤ ስለዚህ ሥራ የከፋበት ቀን አረንጓዴ ቀን ይባላል። ሰሃን አጣቢዋ ፊቷን አጥቁራ ከገባች ዛሬ አረንጓዴ ናት እንላለን። አለቃችን የእረፍት ቀን እጨምርላችኋለሁ ሲለን ደግሞ ጄሊ ነው እንባባላለን፤ ሲያዩት ያምራል፣ ሲጨብጡት የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ቃል ግን ጄሊ ደረሰ የሚለው ነው። ሆዱን የተቀደደ ሰው ምግብ ተከልክሎ ይቆይና መጀመሪያ ከሚፈቀድለት ነገር አንዱ ጄሊ ስለሆነ፣ የጭንቁ ጊዜ አለፈ ማለት ነው። ትሪ አመላላሹ ከፎቅ ወርዶ የጥጉ ክፍል ሰውዬ ጄሊ ደረሰ ሲለን ማንነቱን ሳናውቅ እናጨበጭባለን። እኔም በዚህ ወጥ ቤት ደስ ብሎኝ የሚያውቀው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

አዎን፣ ቃሉን ለቤታችን ያስለመድኩት እኔ ነኝ። በያጁ ጓደኛህ ትርፍ አንጀቱ ወጥቶለት በተኛ ጊዜ እያለቀስክ ደወልክልኝና፣ ጄሊ ከደረሰ አይዞህ አልኩህ። ደረሰ፣ ዳነ፣ ደግ አደረግኩ። ስልኬን መሸሽ ሳትጀምር ስጮህብህ ይህንኑ ጠቅሰህ፣ ራስሽ ነሽ ያስተማርሽን፣ አሁን ምን ሆንሽ አልከኝ። ስማኝ! እኔ የተናገርኩት ስለ ሆድ ነው። አባባ ሆዱን አልታመመም። የጓደኛህ ጉሮሮ የበሬ ጉሮሮ ነበር። ለእግር የተሰፋ ጫማ ጭንቅላትህ ላይ አጥልቀህ፣ አልገባ ሲልህ ጫማ ሰፊውን ትሰድባለህ?

ጄሊ ውሃ ነው። ይህን ለማመን ሐኪም መሆን አያስፈልግህም። እኛ ዘንድ መዋጥ ለሚቸግረው በሽተኛ ትሪው ላይ ቢጫ ካርድ ይለጠፋል፤ ቢጫ ካርድ ባለበት ጄሊ ዝር አይልም። አዲስ ሳለሁ አልገባኝም ነበርና፣ የቆመ ነገር አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። የበሽተኞችን አዋዋጥ የምትመረምረው ሴትዮ አንድ ማንኪያ ቀይ ጄሊ መዳፌ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጨብጪው አለችኝና ወሬዋን ቀጠለች። ስለ አውቶቡስ መዘግየት አወራን። ከዚያ ክፈቺ አለችኝ። ቀዩ ውሃ በክንዴ ወርዶ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። አፍ ደግሞ ከመዳፍ ይሞቃል። ማንኪያው ላይ ቆሞ የሚንቀጠቀጠው ነገር አባባ ምላስ ላይ ጥቂት ከቆየ ውሃ ነው፤ ያውም የእሱ ምላስ ወደ ኋላ ለመግፋት ስለሚዘገይ ከጤነኛ ሰው ይልቅ ይቆይበታል። እባክህ አንተም ጨብጠህ እየው። እጅህ የሞተር ዘይት ከሆነ ታጠብና ጨብጥ።

ቢጫ ካርድ የነበረው አንድ ሽማግሌ ነበር። ልጁ በየቀኑ ትጠይቀው ነበር፣ የምትወደው ልጅ ናት። አጠገቡ የተኛው ሰው ጄሊውን ሳይነካ ሲተወው አየችና፣ አባቴስ ለምን ይቅርበት ብላ አንስታ አበላችው። ክፉ አስባ አይደለም። ከሰዓት በኋላ በአሳንሰሩ የሚሮጡ ሰዎች ድምፅ ወጥ ቤት ድረስ ተሰማ። በማግሥቱ ያ አልጋ አንሶላው ተቀይሮ ነበር። ኩባያው ግማሹ ተበልቶ እኔ እጅ ተመለሰ፤ ያጠብኩትም እኔ ነኝ። ልጅቱ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ፣ አላወቅኩም፣ አላወቅኩም እያለች ስታለቅስ አይቻታለሁ። አንተ ግን ያንን እንኳ ማለት አትችልም። አንተ ተነግሮሃል።

አባባን ደስ ይለዋል፣ ሲበላ ፈገግ ይላል ብለህ ተከራከርከኝ። ጣፋጭ ካማረው የበሰለ ሙዝ አድቅቃችሁ በወፈረ ወተት ለውሳችሁ ስጡት፣ የፍራፍሬ ጭማቂም ቢሆን ወፍሮ ይሰጠዋል፤ ትንሿ ታውቅበታለች። ለምን ፈገግ እንደሚል ግን አንተ አታውቅም፤ ቆይቼ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ደረቱ ታፍኖ ሲያተኩሰው ብርድ መታው አልክ። ሲሻለው ጄሊውን ቀጠልክ። እንደገና አተኮሰው፤ አቧራ ነው አልክ። ትንሿ ደግፋ ክሊኒክ ወስዳ፣ ሳንባው ውስጥ ፈሳሽ ገብቷል ተብላ፣ መርፌ አስወግታ መለሰችው። ሲያስለው ሰምተህ ታዲያ ምን አልክ? ፍሪጅም ሲነሳ ይንገጫገጫል አልክ። ትንሿ እያለቀሰች ነገረችኝ። ቆሽቴ አረረ! የሰው ልጅ፣ ያውም ወላጅ አባት፣ ትን ብሎት ዓይኑ ሲፈጥ ይንገጫገጫል ይባላል? አባባ ፍሪጅ አይደለም። ጋዝ አትሞላበትም። ሞተሩ ቢቃጠል ከአሮጌ ፈትተህ ሌላ አትገጥምለትም። ያን ቀን ጠላሁህ። ይህን መጻፍ ከብዶኛል፣ ግን አልሰርዘውም፤ ጠላሁህ።

አሁን የምጽፈው ከሥራ ገብቼ፣ እግሬን ባልዲ ውስጥ ነክሬ፣ ወረቀቱን የመጋገሪያ ትሪ ላይ አስደግፌ ነው። ክፍሉን የምጋራት የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛዋ ፊቴን አይታ ማን ሞተብሽ አለችኝ። ገና ነው፣ ወንድሜ እየሠራበት ነው አልኳት። የምሬን መስሏት ደነገጠች። እስክሪብቶ አለቀብኝ ስላት የራሷን ሰጠችኝና፣ ይኸ ደማቅ ነው፣ ለስድብ ይሆናል አለችኝ። እውነቷን ነው።

እንግዲህ ለምን እንዲህ እንዳበድክ ደግሞ እናውራ። ልታገባ ነው። ደግ ነው፤ ጊዜህ ነው፣ ፀጉርህም ከግንባርህ መሸሽ ጀምሯል፣ ፎቶህ ላይ አይቼዋለሁ። የእጮኛህ እናት፣ ልጄ በሽተኛ ያለበት ቤት ስትገባ አስታማሚው ማን ሊሆን ነው ብለው ጠየቁ። የእናት ጥያቄ ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። መልሱም ቀላል ነበር፤ እኔና እህቴ እናስታምማለን፣ አለቀ። አንተ ግን ያችን አጭር መልስ አፍህ እምቢ አለህና፣ አባቴማ ድኗል፣ ጄሊ ደርሷል ብለህ ቁጭ። እነሱም ቋንቋውን ሰምተውታልና ደስ አላቸው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ሆነ። አሁን ሊጎበኟችሁ በሚመጡበት እሁድ አባባ ሱፍ ለብሶ፣ ሶፋ ላይ ተደግፎ፣ በደህናው እጁ አንድ ኩባያ ቀይ ጄሊ በሰው ፊት ሊበላ ነው አሉ። ደንበኛ እንደመጣበት ፍሪጅ አቁመህ ልታሳያቸው ነው። በዚያው የስንት ጊዜ ዋስትና እንዳለው ጽፈህ ደረቱ ላይ ለጥፍበት።

ስለ አለቃችን የምንለውን አሁን ስላንተ እላለሁ፤ ጄሊ ነህ። ብርድ ውስጥ፣ ፍሪጆችህ መሃል ቀጥ ብለህ የምትቆም ወንድ ነህ፤ የሰው ሳሎን ሲሞቅህ ትቀልጣለህ። እጮኛህን አላውቃትም። ትንሿ ግን አንድ ነገር ነግራኛለች። እጮኛህ አንድ ቀን ሳትጠራ መጥታ፣ የአባባ አገጭ ላይ ምራቅ ሲወርድ አየች። አንተ ፎጣ ፍለጋ ስትሯሯጥ እሷ በራሷ መሃረብ ጠረገችለትና ምንም እንዳልሆነ ሁሉ አጠገቡ ተቀመጠች። እንዲህ ያለች ሴት በጄሊ አትታለልም፤ አታልለኝ ብላም አልጠየቀችህም። ከእሷ የምትደብቀው የአባትህን በሽታ ሳይሆን የራስህን ፍርሃት ነው።

አሁን ወደማይዋጥልኝ ነገር ልምጣ። ባለፈው ሳምንት አንተ ሥራ ላይ ሳለህ ትንሿ ስልኩን ከአባባ ጆሮ አስጠጋችልኝ። ጄሊውን እንዳይበላ፣ ትን የሚያሰኘው እሱ መሆኑን፣ ትኩሳቱም ከዚያ የመጣ መሆኑን ቀስ ብዬ ነገርኩት። የሰማኝ አልመሰለኝም። ደጋግሜ፣ አባባ ሰማኸኝ ወይ እላለሁ፣ የሚመጣልኝ ትንፋሹ ብቻ ነው። በስንት ጊዜው ያችን የከበደች ምላሱን እየጎተተ፣ ለሱ ነው አለኝ። ለማን ነው አልኩት። ለልጄ ነው አለኝ። ከዚህ ሌላ አልተናገረም። የቀረውን ከትንሿ ሰማሁ። ኩባያውን ልትወስድበት ስትሞክር በደህናው እጁ አጥብቆ ይዞ አልለቅም ይላታል። ሳሉ ሲመጣበት ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ አንተ እንዳታየው። ሲያልፍለት ወዳንተ ይዞርና ፈገግ ይላል።

ገባህ? አባባ ያውቃል። ምላሱ ታሰረ እንጂ ልቡ አልታሰረም። ሰርግህ በእሱ ኩባያ ላይ እንደቆመ ሰምቷል፤ ስለዚህ ይበላዋል። አንተ የምታበላው ይመስልሃል፤ እሱ ግን ልጁን እየዳረ ነው።

ሥራ ስትጀምር የሰው ፍሪጅ ሞተር አቃጥለህ አልጋ ስር የተደበቅክ ጊዜ፣ አባባ የቤታችንን ፍሪጅ አውጥቶ ለባለቤቱ ሰጠ። ያን በጋ ሁሉ ለብ ያለ ውሃ እየጠጣ፣ ቀዝቃዛ ነገር ጥርሴን ያመኛል ይል ነበር። አባባን ጥርሱን አሞት አያውቅም። እማማ ነፍሷን ይማርና እያየችው ትስቅ ነበር። አንተ ልጅ ስለነበርክ አመንከው። ዛሬ ግን ራሰ በራ ልትሆን የደረስክ ሰው ነህ፤ ፈገግታውን አይተህ እንደገና ማመን አይፈቀድልህም።

ስለዚህ የምልህን ስማ። ቤት ያለውን እሽግ በሙሉ ለትንሿ አስረክባት። ፍሪጆችህን በውሃ ፈትን፤ በረዶ ከሠራ ድኗል፣ ሰፈሩም አዲሱን ቋንቋ ይልመድ። ወደ እጮኛህ ቤተሰብ ሄደህ፣ አባቴ አልዳነም፣ ጉሮሮው ሰንፏል፣ የማስታምመውም እኔ ነኝ በላቸው። ይህን ሰምተው ልጃችንን አንሰጥም ካሉ ያሳዝናል፣ ያስቆጫል፣ ሰው ግን በዚህ አይሞትም። በሌላው ይሞታል። ከእንግዲህ አንድ ማንኪያ ሰጥተኸዋል የሚል ወሬ ከሰማሁ ለልጅቱ እናት ራሴ እደውላለሁ። ስልካቸውን አግኝቻለሁ፤ እሳቸው ፍሪጅ ላይ አስቀምጠውኝ አይሄዱም። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። መከራው አንተን የሚመክር ቢሆን እጄን አጣጥፌ አይህ ነበር። የሚመክረው ግን አባባን ነው።

ደብዳቤውን የያዘልኝ ሰው ለትንሿ እንጂ ለሌላ እጅ እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ። እሷም ራት ከተበላ በኋላ፣ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ እንደታሸገ ትሰጥሃለች። እኛ ቤት ደብዳቤ እንዴት እንደሚነበብ ታውቃለህ። ፊደል የለየህ ጊዜ አባባ፣ ከሩቅ የመጣ ወረቀት ሁሉ በልጄ አፍ ይነበብ ብሎ ወስኗል፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው አንብቦለት አያውቅም። ጮክ ብሎ፣ ቃል ሳይዘለል፣ ከአልጋው አጠገብ። ልዝለል ብትል አክስታችን ከጎንህ ናቸው፣ መነጽራቸውንም አድርገዋል። እንግዲህ እስካሁን የወረደብህን ስድብ ሁሉ በገዛ አፍህ አውርደኸዋል ማለት ነው። ጎሽ፣ ቀጥል፤ ጥቂት ነው የቀረህ።

ለአክስታችን፤ ጉልበትዎን ስሜያለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? ወፍራሙን ሹራብ በቅርብ እልክልዎታለሁ፤ እስከዚያው ይህን ልጅ እንደ ሕፃንነቱ ጆሮውን ቢቆነጥጡልኝ ምርቃት አገኝበታለሁ።

ለትንሿ፤ ዓይኖችሽን ስሜያለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ኩባያ ስትጠብቂ እንቅልፍ እንዳጣሽ አውቃለሁ። ነገርሽኝ ብሎ ቢቆጣሽ፣ ቁጣውን በእኔ ስም ተቀበዪና ለእኔ ላኪልኝ፤ እኔ ቦታ አለኝ።

ለእጮኛህ፤ እዚያ ተቀምጣ እየሰማች ከሆነ፣ ስለ መሃረቧ አመሰግናታለሁ። ሌላ የምላት የለኝም፤ የቀረውን ወንድሜ ይነግራታል።

ለአባባ፤ አባባ፣ እግርህን ስሜያለሁ። ድምፅህን ሰምቼ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ማቀዝቀዣው ውስጥ ገብቼ በር ዘግቼ አለቀስኩ። ልጅህን የምትድርበት ሌላ መንገድ አለ፤ ተቀምጠህ፣ በሕይወት ኖረህ፣ መርቀህ ነው የምትድረው። ማንኪያው ሲመጣ ከንፈርህን ግጠም እልህ ነበር። ግን አውቅሃለሁ። ለዚህ ልጅ እምቢ ብለህ አታውቅም፣ ዛሬም አትልም። ያቀረበልህን ሁሉ ትበላለህ፣ ፈገግም ትላለህ።

የመጨረሻው ሰላምታ እንግዲህ ያንተ ነው፣ ወንድሜ። አንብበህ ጨርሰሃል። ወረቀቱን ዝቅ አድርግና ፊቱን እየው። እሱ እምቢ አይልህም፤ ማንኪያውን ማስቀመጥ ያለብህ አንተ ነህ።

ታላቅ እህትህ

ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከሠራተኞች መኖሪያ
የካቲት ፬ ቀን